ውሃው ለወሰደው ማካካሻ፦ በወሎ ለዱር እንስሳት መሬት እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ግድብ ሲታሰብ ቁጥር ይበዛል። ስንት ሄክታር በመስኖ ይለማል፣ ስንት አባወራ ይጠቀማል፣ ስንት ማሳ ውሃ ይበላዋል ይባላል። ወንዙ ዳር የቆመውን ሾላ ግን የሚቆጥረው የለም። ቄጠማው ውስጥ እንቁላሏን የምትጥለውን ይብራ፣ ሲነጋ ለውሃ የሚወርደውን ድኩላ፣ ገደሉን ተጠግቶ የሚኖረውን ሰሳ ማን መዝገብ ላይ ያሰፍራል? ካሳ ሲከፈል የእነሱ ስም አይጠራም። ውሃው ሲሞላ ዝም ብለው ይጠፋሉ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ እንዳይሆን ለሚፈልግ ሰው ነው። የወረዳ ባለሙያ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የቀበሌ ኮሚቴ አባል፣ የመስኖ ማኅበር ሰብሳቢ ወይም የፕሮጀክት ሠራተኛ። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ የውሃ ሥራው ያጠፋውን የእንስሳት መኖሪያ የሚተካ ሌላ መሬት መፈለግ፣ በሕግ ማጽናት፣ ከዚያም ግድቡ እስካለ ድረስ መንከባከብ። ይህንን «ማካካሻ መሬት» እለዋለሁ። ለተነሺ ገበሬ የሚሰጠው «ምትክ መሬት» ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወሎ ውስጥ ባዶ መሬት የለም። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ተዳፋት ባሏ የሞተባት ሴት ሣር የምታጭድበት ነው። እረኛ የሚውልበት፣ ንብ የሚቀስምበት፣ ከእርሻ በኋላ በሬ የሚያገግምበት ነው። ይህን የረሳ ማካካሻ ውሎ አድሮ ይፈርሳል።

1. መጀመሪያ ጉዳቱን ቀንሱ

ማካካሻ የመጨረሻው መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጉዳቱን ማስቀረት ይቻላል? ካልተቻለ መቀነስ ይቻላል? የተጎዳውን እዚያው ቦታ ላይ መመለስስ? ጠለፋውን፣ ማለትም ውሃው ከወንዙ ወደ ቦይ የሚወሰድበትን ግንባታ፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ በመሥራት ብቻ አንድ ሙሉ የወንዝ ዳር ጫካ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ከጠለፋው በታች በበጋ ጭምር የሚለቀቅ ውሃ ይኑር። ወንዙ ከግድቡ በታች ከደረቀ ጉዳቱ ሐይቁ ከሸፈነው ቦታ ሊበልጥ ይችላል።

ቦዩንም አትርሱ። በሲሚንቶ የተለበጠና ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ወጥመድ ነው። ሚዳቋ ልትጠጣ ትገባለች፣ ሰኮናዋ ይንሸራተታል፣ መውጫ የለም። ጥጃም ልጅም እንደዚያው። በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ የተነጠፈበት ሻካራና ዘመም ያለ መውጫ ይሠራ። ዲዛይን ላይ እያለ ከተጠየቀ ወጪው ትንሽ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን የሚሰማችሁ አታገኙም።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ሥራው ሳይጀመር እንዲያልቅ ያዛል። የማካካሻውን ነገር ከነበጀቱ እዚያ ሰነድ ውስጥ አስገቡ። እዚያ ያልተጻፈ ነገር በኋላ ገንዘብ አያገኝም።

2. ውሃው ሳይመጣ ቁጠሩ

በአሜሪካ የኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የሆነውን ላስታውስ። ትልቁ የግራንድ ኩሊ ግድብ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በዚያ ወንዝ ላይ ግድቦቹ ለዱር እንስሳት ያደረሱትን ጉዳት የማካካስ ግዴታ በሕግ የተጣለው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቆጣሪዎቹ የመጡት ጫካው አሥርታት ሙሉ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነበር። በድሮ ፎቶግራፍና በግምት ነው የሠሩት። በቁጥሩ ላይ የተነሳው ክርክር ለዓመታት ዘለቀ። እኛ ይህን ስህተት የምንደግምበት ምክንያት የለም። የእኛ ወንዝ አሁንም እዚያው እየፈሰሰ ነው።

ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። አንዱ በጥር፣ ሌላው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት። ጥር የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት የውሃ ወፎች ያኔ እዚህ ናቸው። የዓለም የውሃ ወፎች ቆጠራም የሚካሄደው በዚያው ወር ስለሆነ ቁጥራችሁን ከሌላ ቦታ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ። በልግ የሚያገኝ ወረዳ ከሆነ ሚያዝያ ላይ ሦስተኛ ዙር ጨምሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንዙን ተከትላችሁ ቋሚ መቆሚያዎች ምረጡ፣ በጂፒኤስ መዝግቡ። ጎህ ሲቀድ ሂዱ። በእያንዳንዱ መቆሚያ እኩል ደቂቃ ቁሙ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የዱካና የእበት ምልክት ሳይቀር ጻፉ። ከግድቡ በታች ያለውንም ወንዝ አትዝለሉ። ሁልጊዜ ከአንድ መቆሚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ፎቶ ከሪፖርቱ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ እረኞችንና ቀፎ ሰቃዮችን ጠይቁ። ነብሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ጅግራ የት እንደምትፈለፍል፣ የትኛው ምንጭ በግንቦት እንኳ እንደማይነጥፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በቢሮ መኪና መጥቶ ግማሽ ቀን የቆየ ባለሙያ ይህን አያገኘውም።

3. ሂሳቡን ሥሩ

በሄክታር ብቻ መተካት ያታልላል። አንድ ሄክታር ደንገልና ቄጠማ ያለበት ረግረግ ከአንድ ሄክታር የተራቆተ ተዳፋት ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ ስፋቱ በጥራቱ ይባዛል። ጥራቱን ከዜሮ እስከ አንድ ስጡት። ዜሮ ማለት ለዚያ እንስሳ ምንም የማይጠቅም፣ አንድ ማለት የሚፈልገው ሁሉ የተሟላለት ማለት ነው። አሜሪካኖቹም የቆጠሩት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ግድቡ 40 ሄክታር የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ያጠፋል እንበል። በእኛ አነጋገር 160 ጥማድ ገደማ ነው። ጥራቱ 0.6 ቢሆን ጉዳቱ 24 ነጥብ ነው። ለማካካሻ ያያችሁት መሬት አሁን ተራቁቷል፣ ጥራቱ 0.2 ነው። ከለል ተደርጎ ቢያገግም 0.7 ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ሄክታር የምታተርፉት 0.5 ብቻ ነው። ስለዚህ 24ን ለ0.5 ስታካፍሉ 48 ሄክታር ያስፈልጋል። ዛፍ ለማደግ ዓመታት ይወስዳል፣ ከተከለው ሁሉም አይጸድቅም። እኔ ብሆን ቢያንስ ሩቡን እጨምርበታለሁ፣ ወደ 60 ሄክታር አደርገዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፣ ተጠንቀቁ። ቀድሞውኑ የተጠበቀ ደን አንስቶ «ይኸው ማካካሻ» ማለት። ይጎፍ ደን ወይም የቦረና ሳይንት ፓርክ ያለ ግድቡም ሊጠበቁ የሚገባቸው ናቸው። እነሱን ወረቀት ላይ ደግሞ መቁጠር ለአንድ ወፍ እንኳ ጎጆ አይጨምርም። ከደኑ ጫፍ ተያይዞ ያለውን የተራቆተ መሬት ማዳን ግን እውነተኛ ትርፍ ነው።

4. መሬቱን ምረጡ

ዋናው ደንብ የጠፋውን በመሰለው መተካት ነው። ረግረግ በረግረግ፣ የወንዝ ዳር በወንዝ ዳር። ወሎ ከአፋር አፋፍ ቆላ ተነስቶ አቡነ ዮሴፍ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በቆቦ ጊራና ሜዳ ለጠፋ ግራር ደላንታ ላይ አስታ፣ የውርጭ አገሩን ቁጥቋጦ፣ ብታስጠብቁ የቆላው ወፍ አይከተላችሁም። ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ መልካም ሥራ ሠርታችኋል፣ ግን ዕዳው አልተከፈለም።

ቅርብ ይሁን። በዚያው ተፋሰስ ቢሆን ሁለት ጥቅም አለው። ከግድቡ በላይ ያለ ተዳፋት ሲያገግም ደለሉ ይቀንሳል፣ ግድቡ ዕድሜ ያገኛል። ይህ ነጥብ ስለ ወፍ ግድ የሌለውን የመስኖ ተጠቃሚ እንኳ ያሳምናል።

መነሻ ዘር ያለበትን ፈልጉ። የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የመስጊድና የመቃብር ቦታ ዛፍ፣ የገደል ጥግ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ዙሪያ ያየ ሰው ይገባዋል፤ የወሎ ወይራ፣ ዋንዛና ጥድ የተረፈው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወፍ ዘሩን ራሷ ትበትነዋለች። ማካካሻው ለብቻው የቆመ ቁራጭ ከሚሆን ከእነዚህ ጋር ይያያዝ።

በጋ ላይ ሂዱና እዩት። በመስከረም ሁሉም ቦታ ያምራል። መጋቢት ላይ ውሃ ከሌለው ለረግረግ ማካካሻ አይሆንም።

5. መሬቱን ማግኘት

ከባዱ ይህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ እቆያለሁ።

በአሜሪካ መሬት ይሸጣል፣ ይለወጣል። ፕሮጀክቱ ከባለቤቱ ገዝቶ ይጨርሳል። በእኛ አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ስለዚህ የምታገኙት የመጠቀም መብትና ስምምነት ነው። መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የወል መሬት ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ከሰውና ከቤት እንስሳት ንክኪ ነፃ ያደርጉታል፣ በስማቸው የወል ይዞታ ደብተር ይወጣለታል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ሆነ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለማኅበረሰቡ ቦታ ሰጥተዋል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። ወንዝ ዳር የግል ማሳ ያለው ገበሬ በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት የመጠቀም መብቱን በጽሑፍ ውል ማከራየት ይችላል። ውሉ ወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። ችግሩ ኪራይ ማለቂያ አለው፣ ግድቡ ግን ይቀጥላል። ለጠባብ የወንዝ ዳር መቀነት ይሆናል፣ ለዋናው መሬት አይበቃም።

ሦስተኛው ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚገዛ ነው። ገበሬው ተመጣጣኝ ምትክ ካላገኘ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ሕጋዊ ነው። ለማካካሻ መሬት ግን አልመክረውም። ሰው አፈናቅሎ ለድኩላ መሬት መስጠት ድኩላዋን የዚያ ሰው ጠላት ማድረግ ነው።

ወሎ ይህን በራሷ ታውቀዋለች። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ ብዙ ተራራ በምግብ ለሥራ ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶለት፣ ችግኝ ተተክሎበት ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው በጥቂት ጊዜ ተጨፈጨፈ። ሰዉ ዛፍ ጠልቶ አልነበረም። ተራራው የመንግሥት እንጂ የእኔ ነው ብሎ አላሰበም።

አንድ ጊዜ በሀብሩ በኩል በዋርካ ሥር በተደረገ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የፕሮጀክቱ ሰው ካርታ ዘርግቶ ኮረብታውን «ባዶ መሬት» አለው። አንዲት እናት ተነሱና «ልጄ፣ ባዶ ከሆነ ላሜ ምን በልታ ነው ወተት የሰጠችኝ?» አሉ። ስብሰባው እዚያ ላይ ቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና የተጀመረው ከሳቸው ሣር ነው። ስንት ሸክም በዓመት ያጭዳሉ? ኮረብታው ሲከለል ያ ሣር ከየት ይመጣል? ትክክለኛው መነሻ ይህ ነበር።

እንግዲህ አካሄዱ እንዲህ ይሁን፦

ተጠቃሚውን ሁሉ ዘርዝሩ። ሣር አጫጅ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ንብ አናቢ፣ ድንጋይ ፈላጭ። በጋ ላይ ብቻ የሚመጡትን አትርሱ። ጨፋ ረግረግ ላይ ሳሩ የሚያስፈልጋቸው የአካባቢው ሰዎች ብቻ አይደሉም፣ በድርቅ ጊዜ ከብታቸውን ነድተው የሚወጡ የአፋር አርብቶ አደሮችም አሉ። እነሱ በሌሉበት በሐምሌ የተፈረመ ስምምነት በጥር ግጭት ይሆናል።

ከቀበሌው ጋር ብቻ አትጨርሱ። ሰው የሚሰማቸውን ጨምሩ። አበጋሮቹ፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ይኑሩ። ራያ ቆቦ ከሆናችሁ የዚያው አገር አስታራቂዎች፣ ዘወልዶቹ፣ ይጠሩ። ቄሱና ሼሁ አንድ ላይ ይቀመጡ፤ በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ዳኛ ደግሞ የግድ ነው። በፍርድ ቤት ቅጣት የማይደነግጥ ሰው ከቅሬ መወገድን ይፈራል።

ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስቡ። ሣርና እንጨት የሚሸከሙት እነሱ ሆነው በትልቁ ስብሰባ ላይ የሚናገረው አባወራው ነው። ቡና ተፈልቶ በሚቀመጡበት ቤት ብትሄዱ እውነቱን ትሰማላችሁ።

ሰው ሲስማማ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ስምና ፊርማ ይስፈር፣ መፈረም የማይችል አሻራ ያድርግ። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ድንበሩን አዋሳኞች ባሉበት በእግር ይዙር። ከዚያ ወረዳው ለክቶ መዝግቦ ደብተሩን ይስጥ። ደብተሩ ላይ መሬቱ ለምን እንደተያዘ ይጻፍ። «የግጦሽ መሬት» ተብሎ ከተመዘገበ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ሲጠየቅ መከላከያ የላችሁም።

6. ደንብ አውጡ፣ አጭር ይሁን

በቃል ሊያዝ የማይችል ደንብ አይሠራም። እኔ የማስገባቸው እነዚህን ነው። ከብት አይገባም። ሣሩ በጋራ ቀን ይታጨዳል፣ ለየቤቱ ይካፈላል፣ አቅም ለሌላቸው በጅጌ ይታጨድላቸዋል። የአጨዳው ቀን ዘሩ ከረገፈና መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ከጨረሱ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ይሁን። ከሳሩ ሲሶው በየዓመቱ በተራ ሳይታጨድ ይቅር፤ ጅግራውና ቆቁ መሸሸጊያ ይፈልጋሉ። ቀፎ መስቀል ይፈቀዳል። የወደቀ ቅርንጫፍ መልቀም በተወሰነ ቀን ይፈቀዳል፤ ያረጀ ግንድ ግን ቁሞም ወድቆም አይነካም፣ የስንቱ ፍጥረት ቤት ነው። ቅጣቱን ራሳቸው ይወስኑ።

ጠባቂው ከዚያው መንደር ይሁን። ደመወዙ ሳይቆራረጥ ይድረሰው። ወር የተዘለለበት ጠባቂ ዓይኑን ቢያዞር አልፈርድበትም።

7. መሬቱን ማከም

ድንበሩን በድንጋይ ክምርና በቁልቋል ወይም በአጋም አጥር አሳዩ። ሽቦ አልወድም። እንስሳ ይይዛል፣ ደግሞም ይሰረቃል።

ረግረግ ከሆነ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ውሃውን መልሱ። ለእርሻ ተብሎ የተቆፈረውን ማንጣፈፊያ ቦይ በአፈርና በድንጋይ ክተሩ። ውሃው ሲተኛ ቄጠማው፣ ፊላውና ደንገሉ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይመለሳሉ። ባሕር ዛፍ እዚያ አጠገብ አይተከል። ተዳፋት ከሆነ እርከንና ትሬንች (ጎርፍ መያዣ ቦይ) ሥሩ፣ ቦረቦሩን በክትር ያዙ፣ ከብቱን ከልክሉ፣ ከዚያ ታገሱ። ክትክታውና ደደሆው መጀመሪያ ይመጣሉ። «ቁጥቋጦ ብቻ ነው» ብላችሁ አትመንጥሩት፣ ወይራው የሚያድገው ከሱ ጥላ ሥር ነው። ችግኝ የምትጨምሩ ከሆነ የአገር ዛፍ ይሁን፦ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ወንዝ ዳር ደግሞ ሾላና ዶቅማ።

አረሙን በየዓመቱ ተከታተሉ። የወፍ ቆሎን ከነሥሩ ንቀሉ። ቅንጨ የሚሉት ፓርቲኒየም ሳያብብ ይነቀል፣ እጃችሁን ሸፍኑ፣ ቆዳ ያሳክካል።

ጫካው ሲያገግም ዝንጀሮ፣ ጃርትና ከርከሮ ይመጣሉ። ይህን ለሰዉ ከመጀመሪያው ንገሩ፣ አትደብቁ። ማሽላና በቆሎ ከድንበሩ ራቅ ብለው ይዘሩ፣ በመሐል የሣር መቀነት ይተው። እሸት በደረሰ ጊዜ ለማሳ ጠባቂ የሚሆን ገንዘብ ከማካካሻው በጀት ይመደብ። ሰብሉ ለተበላበት ሰው «ታገስ» ማለት ብቻ መፍትሔ አይደለም።

8. ገንዘቡ ከየት?

ፕሮጀክቱ ይወጣል፣ መሬቱ ይቀራል። የሦስት ዓመት በጀት ይዞ የሚጀመር ማካካሻ በአራተኛው ዓመት ግጦሽ ይሆናል። መፍትሔው ከውሃው ጋር ማሰር ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት አላቸው፣ ከአባላት ክፍያ ይሰበስባሉ። ከዚያ ላይ ትንሽ ድርሻ ለላይኛው መሬት ጠባቂ እንዲሆን በማኅበሩ ደንብ ላይ አስጽፉ። ከላይ ያለው ሰው መሬቱን ከለከለ፣ ከታች ያለው ሰው ውሃ አገኘ። ክፍያው በሁለቱ መካከል መሆኑ ተገቢ ነው።

9. በየዓመቱ ጥር ላይ ተመልሳችሁ ቁጠሩ

እነዚያው መቆሚያዎች፣ እኩል ደቂቃ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ። ውጤቱን በስብሰባ ላይ ለሰዉ አንብቡለት፤ ከብቱን ያስወጣው እሱ ነው። ጥራቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ምክንያቱን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የሚገባ ከብት ነው ወይም እንደገና የተከፈተ ማንጣፈፊያ ቦይ።

የሰነዱን ቅጂ አራት ቦታ አስቀምጡ፦ በወረዳው መሬት አስተዳደር፣ በቀበሌው፣ በመስኖ ማኅበሩ፣ አራተኛውን በቅሬው ሣጥን ውስጥ። ባለሙያ ይዛወራል፣ ቢሮ ይፈርሳል፣ ፋይል ይጠፋል። የቅሬው ሣጥን ግን ከመንደሩ አይወጣም።